ከሁለት ኮከቦች መሃል የወጣ ጥላሸት

ባልደረቦቿ «አቧሪት» ይሏታል። የቅጽል ስሙ መነሻ እናቷ ናት። እናት ዕድሜዋን በሆስፒታል ጽዳት የጨረሰች ሴት ነበረችና፣ ልጇ በኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ተቀጥራ አቧራ እንደምታጠና ስትሰማ፣ «ወይ ጉድ! እኔ ስጠርገው የኖርኩትን አንቺ ተምረሽ ትፈልጊዋለሽ?» ብላ ሳቀች። ቀልዱ ከቤት ወጥቶ ቢሮ ገባ፤ እዚያው ቀረ።

አቧሪት የምትፈልገው አቧራ ያለው ሩቅ ሰማይ ላይ ነው። እዚያ ሁለት ግዙፍ፣ እጅግ የጋሉ ኮከቦች እርስ በርስ ይዞራሉ፤ ሁለቱም ኃይለኛ ነፋስ ይተፋሉ። በዚያ ግለት አጠገብ ብናኝ ይፈጠራል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። እሷ ግን በዙሪያቸው ብናኝ አይታ፣ ኮከቦቹ ሲቀራረቡ ነፋሶቻቸው ይላተማሉ፣ ጋዙ ተጨምቆ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም እንደ ጥላሸት ያለ ብናኝ ይወጣዋል ባይ ነበረች።

ጎረቤት ቢሮ ያለው ተመራማሪ ይህ አልዋጥ አለው። ሻዩ መፍላቱን እንኳ ሳያይ ስለማያምን «እስቲ አሳዩኝ» የሚሉት ሰው ነው። «ያየሽው የድሮ አቧራ ነው፤ አሁን የተሠራ አይደለም» ብሎ በስብሰባ ላይ ተናገራት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ።

ኮከቦቹ የሚቀራረቡት በስንት ዓመት አንዴ ነው። ባለፈው ደመና ጋርዷት ቀርታለች። ዘንድሮ ሰማዩ ጠርቶ፣ መሣሪያው ተሰናድቶ ሳለ፣ እናቷ ቁም ሳጥን ልትወለውል ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

«ሂጂ ሥራሽን ሥሪ። ተሰብሬ የት እሄድብሻለሁ?» አለች እናት።

«እማዬ፣ በናትሽ ዝም በይ።»

እናቷ ሌላ ልጅ የላትም። መሣሪያውን ከአቧሪት እኩል የሚያውቀው ደግሞ ያ ተጠራጣሪ ብቻ ነው። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ በሩን አንኳኳች።

«አንተ ታይልኛለህ?»

«እኔ? ባላገኘውስ?»

«የለም በለኛ። ካለ ግን እንዳትደብቀኝ።»

ሰውየው አልሳቀም። «ለዚህስ አልታማም» አለ።

ቀናት አለፉ፤ ስልክ የለም። የእናቷን ትራስ እያስተካከለች በሆዷ ትረግመው ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ሆስፒታል ድረስ መጣ፤ ብርቱካንና ሁለት ፎቶ ይዟል። በሁለተኛው ፎቶ ላይ፣ ከኮከቦቹ ጥግ፣ በመጀመሪያው ያልነበረ ቀጭን የብናኝ ቅስት ይታያል።

«መሣሪያው ተሳስቶ ነው ብዬ ደጋግሜ አነሳሁት» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «አልተሳሳተም። አዲስ ነው።»

አቧሪት ፎቶውን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ መጣ። እናት ደነገጠች።

«ምነው? ምን አለሽ ይሄ ሰውዬ?»

«ልክ ነሽ ነው ያልኳት፣ እማማ።»

«ታዲያ ይሄ ያስለቅሳል?»

ጥናቱ በሁለቱም ስም ወጣ። ራቅ ብሎ የሚታየው ብናኝ ኮከቦቹ ባለፈው ሲቀራረቡ የተሠራ መሆኑን እሱ ስላረጋገጠ፣ በከፊል እሱም አልተሳሳተም ነበር። እናት ዛሬ በከዘራ ትሄዳለች። ሁለቱ ተመራማሪዎች ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ከዚያ ብናኝ ምን ያህሉ በኮከቦቹ ግለት ሳይቃጠል እንደሚያመልጥ ግን እስካሁን አልተስማሙም።