ጨው አለቀብን በይ

ባለፈው ሳምንት የክራንቼ ጫፍ ተበልቶ ስላለቀ፣ እዚህ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ያረጀ የሎሪ ጎማ በቢላ ይሰነጥቅና ክብ አድርጎ ቆርጦ፣ በጋለ ብረት በስቶ እንጨቱ ጫፍ ላይ ይገጥምልኛል። ብረቱ ጎማውን ሲነካው ጥቁር ጢስ ቡልቅ አለ። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እኔ እንደ ሞኝ ቆሜ ሳብኩት። «አንቺ ሴትዮ፣ ሽቶ መሰለሽ እንዴ?» አለኝ ሰውዬው። ምን ልበለው? የተቃጠለ ጎማ ለእኔ የእትዬ ማንጠግቦሽ ሽታ ነው።

እትዬ ማንጠግቦሽ በልጅነቴ ከተዘጋ ቤት ያወጣችኝ ሴት ናት። ያኔ ከገበያው ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ክራንችና የእግር ብረት የሚሠራ፣ «ልጆቹን አስገቡ» እያለ ከትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች ጋር የሚጨቃጨቅ ትንሽ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ነበር። ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚያነክሱ፣ የማያዩ፣ የማይሰሙ ናቸው። እሷ ቤት ለቤት እየዞረች የተደበቁ ልጆችን ትፈልጋለች። ግራ እግሯ ከጉልበት በታች አልነበረም። ቀኝ እግሯን ካጣች አንዲት የማኅበሩ ሴት ጋር አንድ ጥንድ ጫማ ለሁለት ይገዙ ነበር፤ በቀለሙ ግን ተስማምተው አያውቁም። «ዘንድሮም አረንጓዴ አስገዛችኝ! እኔ በአረንጓዴ ጫማ ምን እመስላለሁ?» እያለች ስትነጫነጭ እስቃለሁ። እግሯ የት እንደቀረ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

እኔን በሕፃንነቴ ልምሻ መታኝ። ሁለቱም እግሮቼ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆነው ቀሩ። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ዶካ እርሻዎች ይሄድና ለረጅም ጊዜ ድምፁ አይሰማም። ከመተማ ማዶ ድንበር ተሻግራ የመጣችው እናቴ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። ጠዋት ውኃና ቂጣ አጠገቤ አስቀምጣ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ትወጣለች። ክፉ ሆና አይደለም። «ምን ሠርታ ነው እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች?» የሚለውን ምላስ ፈርታ ነው። ከሱ ይበልጥ ደግሞ ከሻን ፈርታ ነው።

ከሻ የምንለው፣ ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው በመኪና ላይ እየጫነ የሚወስደውን አፈሳ ነው። ፍሬን ሲጢጥ ያለ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ብትንትን ይላል። እግር ያለው ይሮጣል። እኔስ? ይህን ጥያቄ ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከሱ ጋር ነበር የምውለው። መኪና ባለፈ ቁጥር ከአልጋው ሥር እገባለሁ። እናቴ ተይዛ ባትመለስስ? ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ልጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ጮክ ብዬ እንዳላለቅስ ደግሞ «ድምፅሽ እንዳይሰማ» ተብያለሁ። እንዲህ ነበር ልጅነቴ፤ ላሳምረው ብል አይሆንልኝም።

በዚያ ላይ እኛ ሰፈር «ቤትህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር። የጠየቀ ሰው ጠቋሚ ይመስላል። ሰዉ አብሮ ሲሠራ ይውላል፣ ይሳሳቃል፣ ከዚያ ሲመሽ እያንዳንዱ በየፊናው ይሠወራል። ማንም ማንንም አይከተልም።

እትዬ ማንጠግቦሽ የመጣች ቀን እናቴ እንዳጋጣሚ ቤት ነበረች። «ቤቶች!» ብላ ገባችና ውኃ ለመነች። ጠጥታ ስትጨርስ፣ «ልጅ የለሽም?» አለቻት።

«የለኝም» አለች እናቴ። እኔ ከአልጋው ሥር ሆኜ እሰማለሁ።

«ታዲያ ይቺ ገመዱ ላይ ያሰጣሻት ቀሚስ የማን ናት? ከፊቷ ተበልታ አልቃለች፣ ከኋላዋ ግን ከሱቅ እንደወጣች ናት። እኔኮ ልብስ አንባቢ ነኝ፣ እታለም! የዚች ቀሚስ ባለቤት በሆዷ ነው የምትሄደው።»

እናቴ ዞር ብላ ቀሚሷን አየቻት። ከዚያ ልቅሶዋን ለቀቀችው። እትዬ ማንጠግቦሽ አላባበለቻትም፤ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ አልጋውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። «አይ አንቺ! እንዲህ ያለ ዓይን ይዘሽ ነው የምትደበቂ?» አለችኝ። እናቴ በለቅሶዋ መሀል፣ «እግዜር ጽድቁን ይክፈልሽ» ስትላት ቱግ አለች። «ጽድቁን ለሌላ መርቂው። እኔ ድርሻዋን ላስወስዳት ነው የመጣሁት። መውጣትም፣ መማርም፣ ጎረቤት መሆንም የሷ ድርሻ ነው።»

የእግር ብረት ተለካልኝ፣ ክራንች ተሠራልኝ፤ የጫፉን ጎማ እትዬ ማንጠግቦሽ ራሷ በጋለ ብረት በስታ፣ በጢሱ መሀል ሆና ገጠመችልኝ። መራመድ ስማር የወደቅኩትን አወዳደቅ እኔና የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ነን የምናውቀው። ክረምት ሲገባ መሬቱ ክራንቹን ውጦ አልለቅም ይላል። እሷ ታዲያ ልታነሳኝ እጇን አትዘረጋም፤ አጠገቤ ቆማ፣ «ምን እያሸተትሽ ነው? ተነሽ እንጂ!» ትለኛለች። እናደድና እነሳለሁ። ደግነቷ እንደዚያ ነበር፤ በንዴት ነበር የምታቆመኝ።

ዋናው ሥራዋ ግን የተጀመረው መራመድ ከቻልኩ በኋላ ነው። እሷ በምትመጣበት ቀን እናቴ በሩን ሳትቆልፍ ትታልን ሥራ ትሄድ ነበር። ክራንች የያዘ ሰው እጅ የለውም። ስለዚህ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝና፣ «በይ ሐጃ ዘይነብ ቤት ሂጂ። ‹ጨው አለቀብን› በይ» አለችኝ። ሐጃ ዘይነብ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ሱዳናዊት ናት።

«ጨው እኮ አለን። ያውና ጣሳው ሙሉ ነው።»

«ወይ ጣጣ! አለን አይባልም። አለቀብን በይ። ስምሽን ንገሪያት፣ የእናትሽን ስም ንገሪያት። ሳትቀመጪ እንዳትመጪ።»

ለካ ቀደም ብላ ጎረቤቶቹን አስጠንቅቃቸዋለች፤ «ቶሎ ሰጥታችሁ እንዳትሸኟት፣ አውሯት» ብላቸዋለች። ሐጃ ዘይነብ በዓረብኛ «ተዓሊ ያ ቢት!» ብላ ጠርታ፣ ከጎኗ አስቀምጣኝ ፀጉሬን ስትጎነጉን ዋለች። በሌላ ቀን ክብሪት ፍለጋ ማዶ ቤት ያለችው እትዬ ከድጃ ዘንድ ተላክሁ፤ የአገሯን የመተማን ወሬ ጠይቃኝ፣ እኔ ስለማላውቀው እሷው መለሰችው። ከዚያ መርፌ ልዋስ ጫማ ሰፊው አቦይ ሐጎስ ዘንድ ሄድኩ። በትግርኛቸው «ንዒ ጓለይ» ብለው ወደ እሳቸው ጠሩኝና የእግሬን ብረት እያገላበጡ ሲያዩ ቆዩ፤ በመጨረሻ ቆዳውን እንደገና ሰፉልኝ። ቤት ተመልሼ መርፌውን መርሳቴን ሳውቅ ዳግመኛ ሄድኩ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ሰው ስሜን ያውቃል!

ታዲያ ደስታዬ የዘለቀው እናቴ አንድ ቀን ከሥራ ቀድማ እስክትመጣ ነው። በክራንች ቆሜ፣ ከረጢት አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሐጃ ዘይነብ ከበሯ ላይ ሆና ከረጢቱ ውስጥ ስኳር ስትጨምርልኝ አየች። በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ በር እንደኔ ያሉት ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከረጢቱን ከአንገቴ በጥሳ፣ ስኳሩን መሬት ላይ ደፍታ፣ እኔን ከነብረቴ ተሸክማ ቤት ገባች። እትዬ ማንጠግቦሽ ውስጥ ነበረች።

«ልጄን ለማኝ አደረግሽብኝ! እኔ በሳሙና ውኃ እጄ እስኪላጥ የማጥበው ለዚህ ነው? ውጭልኝ!»

እትዬ ማንጠግቦሽ አልወጣችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ሥራ ላይ እያለሽ ከሻ ቢይዝሽ፣» አለች፣ «ለዚች ልጅ በሩን ማን ይከፍትላታል?»

እናቴ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

«ያልታወቀ ሰው አይፈለግም። እኔ ልመና አላስተማርኳትም። የሚፈልጋት ሰው ነው ያበጀሁላት።»

ቀኑን ሙሉ ስፈራው የኖርኩትን ነገር ሌላ ሰው በአፉ ሲለው ስሰማ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ ከረጢቱ እንዲመለስ አልፈቀደችም፤ የምዋሰውን ዕቃ ቀሚሴ ላይ በተሰፋ ኪስ መያዝ ጀመርኩ። እኔን ብቻዬን ትታ ስትወጣ በሩን መቆለፍም አልተወችም። ግን እትዬ ማንጠግቦሽን ሁለተኛ ውጪ አላለቻትም። እንዲያውም ትመጣለች በተባለበት ቀን ውኃ ቀድታ በጥላ ሥር ታስቀምጥላት ነበር።

ከሻው የመጣው የማሽላ አጨዳ ባለቀ ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። መኪኖች ሲቆሙ ሰማሁ። የሚሮጥ እግር፣ የሚወድቅ ብርጭቆ፣ የሴት ጩኸት። ከዚያ ጭጭ። ያ ዝምታ ከጩኸቱ ይብስ ነበር። በበሩ ስንጥቅ ሳይ አቧራው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እናቴ የምትመጣበት ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። ውኃዬ አለቀ። ድምፅ እንዳታሰሚ ተብያለሁና ቀሚሴን ነክሼ አለቀስኩ። ፊት ለፊቴ የተዘጋው በር፣ በሐሳቤ ደግሞ እናቴን አንገቷ ላይ ካለው ቁልፍ ጋር ይዞ የሚሄድ መኪና እየታየኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

«ትርንጎ!» አለ አንድ ድምፅ። ሐጃ ዘይነብ ናት። «ትርንጎ፣ እዚያ ነሽ?» በክራንቼ በሩን መታሁት። ወዲያው ሌላ እግር መጣ፤ እትዬ ከድጃ ከተደበቀችበት ወጥታ እየሮጠች ነው። ከዚያ አቦይ ሐጎስ ከነመዶሻቸው ደረሱ። «ልጅቱን ብዬ ነው» ትላለች እትዬ ከድጃ፤ «እኔም ልጅቱን ብዬ ነው» ይላሉ አቦይ ሐጎስ። ጓጉንቸሩ በመዶሻ ተሰብሮ በሩ ሲከፈት ብርሃኑና እነሱ አንድ ላይ ገቡ።

በማግሥቱ ሐጃ ዘይነብ እኔን በአህያ ጋሪ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። «የዚች ልጅ እናት እናንተ ዘንድ ናት። ጎረቤቴ ናት፤ ከነልጇ አውቃታለሁ» ብላ ድምፅዋ እስኪዘጋ ተሟገተች። እናቴን ለቀቋት። እየመጣች ሳለ ስታየኝ ልትሮጥ ስትል ተደናቀፈች፤ ያን ቀን የወደቀችው እሷ ነበረች፣ የቆምኩት እኔ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ግን በምትመጣበት ቀን አልመጣችም። በቀጣዩም ሳምንት አልመጣችም። እናቴ ውኃውን ጥላ ሥር እያስቀመጠች ማታ ትደፋዋለች። በመጨረሻ ማኅበሩ ዘንድ ሄድን። ከከሻው ቀን ወዲህ እንዳላዩዋት ነገሩን። «ቤቷስ?» አለች እናቴ። አንዱ «ከእህል ጎተራዎቹ ማዶ መሰለኝ» አለ። ቀኝ እግሯን ያጣችው ሴት እንኳ፣ ጫማ አብራት የምትገዛዋ፣ አታውቅም። ማን ጠይቋት!

እናቴና እኔ መፈለግ ጀመርን። የሄድንበት ሰፈር ሁሉ «አንድ እግር ያላት፣ ተጫዋች ሴት» ስንል በር ይከፈታል። በየበሩ አንድ ልጅ አለ፤ የሚያነክስ፣ የማይሰማ፣ አንገቱን መያዝ ያቃተው። ሁሉም ያውቋታል። ሁሉም እናቶች «እንዴ! ለእኔ ብቻ የምትመጣ ነበር የመሰለኝ» ይላሉ። ቤቷን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። አንዱ ወደ ገላባት በሚሄድ መኪና ላይ አየኋት አለ፤ ሌላው ታማ ተኝታለች ሲባል ሰምቻለሁ አለ። እናቴ በአንዱ ደጅ ቁጭ ብላ ራሷን ያዘች። «ስንት ጊዜ ቤቴ ውኃ ጠጣች» አለች፣ «አንድ ቀን የት ነው የምታድሪው አላልኳትም።» አልተገኘችም። እስከ ዛሬም ወሬዋ የለም።

እነዚያ እናቶች ግን አብረውን እሷን ሲፈልጉ እርስ በርስ ተገናኝተው ቀሩ። ማኅበሩን ዛሬ የያዙት እነሱና ልጆቻቸው ናቸው፤ እኔም እዚያው የእግር ብረት እለካለሁ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ከተማው ከካርቱም በሸሸ ሰው ሞልቷል፤ መኪና ሲቆም ዛሬም ክራንቼን አነሳለሁ። በአዲስ ሰፈር አዲስ ቤት ተከራይቻለሁ። ትንሽ ካመሸሁ ከየበሩ ድምፅ ይወጣል፦ «ትርንጎ! የት ቆየሽ? እንዲህ ታሳስቢናለሽ?» አንዳንዴ ይሰለቸኛል፣ ልመልስላቸው አልፈልግም። ከዚያ እሷ ትዝ ትለኛለች፤ ያን ሁሉ ደጅ አንኳኩታ፣ በአንድ እግሯ በጭቃ ደክማ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ «የት ቆየሽ?» የሚላት አንድ ሰው አልነበራትም። ቆም እልና፣ ለእያንዳንዱ በር የት እንደዋልኩ እናገራለሁ።