ለሦስት ሾፌር አንድ ወንበር

ሚጢጢ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የደም ባንኩ ሾፌሮች ናቸው፤ እሷም አልተቆጣችም። አጭር መሆኗን ከማንም ቀድማ የምታውቀው ራሷ ናት፤ ደግሞም ቁመት ስድብ የሚሆነው ባለቤቱ ሲያፍርበት ነው ባይ ናት። የሚያናድዳት ሌላ ነገር ነው። አንዱ መጥቶ "ትንሽ ተንጠራሪ፣ ትንሽ ቻይው" ያላት እንደሆነ ደሟ ይፈላል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲንጠራራ ኖሮ ትንሽ ተንጠራራ ሲባል ምን ይበል?

አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መንዳት አስተምረኝ ስትለው "እግርሽ ፍሬን ሲደርስ" ይላታል። ወንድሞቿ በየዓመቱ ሱሪ እያጠራቸው ተመዘዙ፤ የእሷ እግር ግን ፍሬን ሳይደርስ አባቷ ጡረታ ወጣ። በመጨረሻ ያስተማራት የእህቷ ባል ነው። በታክሲው ፔዳሎች ላይ ቁራጭ እንጨት በጎማ ማሰሪያ ጠፍሮ፣ ከጀርባዋ ሁለት ትራስ ደርድሮ፣ "በይ ንጂ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ" አላት። ነዳች። መንጃ ፈቃድ ልታወጣ የሄደች ቀን ፈታኙ መኪናው አጠገብ ቆሞ ተፈታኟ የት ሄደች ብሎ ይጣራ ጀመር። መሪውን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ያም ሆኖ አለፈች።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት በትራስ ነዳች። የፋብሪካ ፒካፕ ነዳች፣ የትምህርት ቤት ሚኒባስ ነዳች። የወንበሩ ማንሸራተቻ ወይ ዝጎ ተጣብቋል፣ ወይ አንዱ ረጅም ወደ ኋላ ገፍቶ ሰብሮታል። አንድ ጠዋት ሚኒባሱን ስትነዳ አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢሏ መንገድ ውስጥ ገባችባት። ፍሬኑን በኃይል ስትረግጥ ትራሱ ከጀርባዋ ሾልኮ ወጣ፤ እሷ ወደ ኋላ ሄደች፣ እግሯም ከፍሬኑ ተነሳ። ሴትዮዋ ዘንቢሏን ጥላ ባትዘል ኖሮ አልቆላት ነበር። ሽንኩርቱ አስፋልት ላይ ተበተነ፤ ሰው አልተጎዳም። ሚጢጢ ወርዳ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ለቅማ ዘንቢሉ ውስጥ መለሰችላት። ያን ቀን ትራሱን ሜዳ ላይ ወርውራ፣ ከእንግዲህ በትራስ ብነዳ ሰው አይደለሁም ብላ ማለች።

ደም ባንክ የተቀጠረችው አዲሷ መኪና በመጣች ሰሞን ነው። ወንበሩ በኤሌክትሪክ ይንቀሳቀሳል። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫናት ወንበሩ እያጉረመረመ ከፍ አለ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት መጣ፤ ጀርባዋ ተደገፈ፣ እግሯ ፍሬኑ ላይ በሙሉ መዳፉ አረፈ። ወደ መኪና ስትንጠራራ ለኖረች ሴት መኪና ራሱ ሲመጣላት ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ስፖኪዮ የምታስተካክል መስላ ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

መኪናዋን በፈረቃ የሚነዷት ሦስት ናቸው። እሷ አለች፤ ቀጭኔ የሚባለው፣ ገብቶ ሲቀመጥ ጣራውን የሚነካው ወጣት አለ፤ ሁሉም ጋሼ የሚሉት ግዙፉ አንጋፋ ሾፌርም አለ። በሩ ላይ ደግሞ የወንበሩን አቀማመጥ የሚያስታውሱ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱን ሲጫኑት ወንበሩ ራሱ ወደ ለመደው ቦታ ይሄዳል። አንደኛውን ቀጭኔ ያዘ፣ ሁለተኛውን ጋሼ ያዙ። ሦስተኛ ቁልፍ የለም። በዚያ ላይ ፈረቃውን የጨረሰ ሰው ወንበሩን "ወደ ቦታው" መልሶ ይውረድ የሚል ልማድ ነበር። ቦታው ማለት የቀጭኔ ቦታ ነው። ማን እንደወሰነው የሚያውቅ የለም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ሚጢጢ ለተወሰነ ጊዜ መለሰች። አንድ ቀን ግን ለምን ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልስ ስታጣ መመለሱን ተወችው። ቀጭኔ ጉልበቱ ከመሪው ሥር ተላትሞ ጮኸ፣ ሰደበ። እሷም እኔ በየቀኑ አስተካክዬ እገባለሁ፣ አንተ ደግሞ አንዲት ቁልፍ ተጫን፣ ጣትህ አይሰበርም አለችው።

ይህ ነገር በተጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የወንበሩ ሞተር ተቃጠለ። መኪናዋ ሞተሩ እስኪቀየር ጋራዥ ገብታ ቆየች። የስምሪት ኃላፊው፣ እነሱ አለቃ የሚሉት፣ ጥፋተኛ ለመፈለግ ሩቅ አልሄደም። ወንበሩን በቀን ስንቴ ታመላልሱታላችሁ፣ እንኳን ብረት ሰውም ይደክመዋል እያለ ዓይኑን ሚጢጢ ላይ ተከለ። አለቃ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ያውቀዋል። እሱ ግን ፍትሕ ወዳድ ነው፣ ፍትሑንም በሜትር ይለካል። ሦስቱንም የጋራዡ ግድግዳ ላይ አቁሞ ቁመታቸውን ለካ፣ ደመረ፣ ለሦስት አካፈለ። ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑን ጠርቶ ወንበሩን ለዚያ ቁመት በሚሆነው ቦታ አስቆመና ሽቦውን አስቆረጠ።

"ከእንግዲህ ማንም አይበልጥ፣ ማንም አያንስ" አለ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይቻቻል ብሎም ጨመረበት። ወንበሩም ምንም እንዳልጎደለው ለማሳየት ራሱ ገብቶ ተቀመጠ፤ ተደገፈ፣ ረገጠ፣ ስፖኪዮውን አየ። ሲወርድ የገዛ ቢሮውን ትራስ ለሚጢጢ አቀበላት። እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ይሉሃል ይኼ ነው። መኪናዋ የአንቺም ናት ይላታል፣ ፍሬኑን ግን አልሰጣትም።

ሚጢጢ ትራሱን አጣጥፋ መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፣ ፍሬኑን ረገጠች። የደረሰው የእግሯ ጣት ብቻ ነው። ወርዳ ቁልፉን ሰጠችው።

"እኔ ዝግጁ ነኝ። መኪናዋ ዝግጁ አይደለችም።"

አለቃ እንግዲያው ስልክ ማንሳት ትችያለሽ፣ ቢሮ ግቢ አላት። ሾፌር ነኝ ብላ እንቢ አለች። እንዲህ ከቀጠልሽ ሥራሽን ታጪያለሽ ሲላት ከመኪናዋ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ተቀመጠች። በማግስቱም እንዲሁ አደረገች። ፈረቃዋ ሲደርስ ትገባለች፣ ትረግጣለች፣ ትወርዳለች፣ ቁልፉን ትመልሳለች፣ ትቀመጣለች። አለቃ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እያለ በአጠገቧ ያልፋል። ጋሼ ደግሞ ጠጋ ብለው፣ ልጄ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ፣ ትራሱን ተቀበይና እንጀራሽን ብዪ ብለው መከሯት። ከልባቸው ነበር። እሷም ቤት ስትገባ እናቷ ለምትጠይቃት ምን እንደምትመልስ ታሰላስላለች፤ ቢሆንም ትራሱን ስታስብ ሽንኩርቱ ይታያታል።

የእሷን ፈረቃ የሸፈነው ቀጭኔ ነው። መጀመሪያ ላይ በንዴት ሰላምታም ነፍጓት ነበር። ለእሱም እኮ ወንበሩ ጠቧል፤ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ ነው የሚነዳው። አንድ ረፋድ ላይ ከመኪናው ሲወርድ ሊቆም አቃተው። በሩን ይዞ ተጎንብሶ ቆየና እያነከሰ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ሚጢጢ፣ እኔ በዚህ ሁለት ሳምንት አለቀልኝ። አንቺ እንዲህ ሆነሽ የነዳሽው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"መንዳት ከጀመርኩ ጀምሮ" አለችው።

ቀጭኔ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ተነስቶ ሄደና ቁልፉን አለቃ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። እሱም አልነዳም ማለቱ ነው፤ ጉልበቱ አልዘረጋ ብሎታል። ጋሼ ወገባቸው ተይዞ ከቤት ቀርተዋል።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። የወለደች ሴት ደም እየፈሰሳት ነው፣ ቶሎ ላኩ አለ ሆስፒታሉ። የደም ሳጥኑ ተዘጋጅቶ ወጣ። አለቃ ቁልፉን ይዞ እየሮጠ ሚጢጢ ፊት መጣ።

"ሰው ልትሞት ነው። አሁንም በወንበር ትከራከሪያለሽ?"

ሚጢጢ ልቧ ሊከዳት ነበር። እጇ ወደ ቁልፉ ተዘርግቶ መንገድ ላይ ቆመ። አንዷን አድናለሁ ብላ ሌላዋን መንገድ ላይ ብትገጭስ? ሳጥኑን አነሳችና ጭኗ ላይ ልትይዘው ከሾፌሩ ጎን ገብታ ተቀመጠች።

"አለቃ፣ ደሙ አሁኑኑ መሄድ አለበት። ወንበሩ ደግሞ ልክ ለእርስዎ ነው የተሰፋው፣ ተቀምጠው ሲያሳዩን አይቻለሁ። ሰው ሳይገጭ የሚያደርሰው ዛሬ እርስዎ ነዎት። ይንዱ፣ መንገዱን እኔ እመራዎታለሁ።"

አለቃ መሪ ከያዘ ዓመታት አልፈውታል። ግን ገባ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ እያላበው ነዳ፤ እሷ ቀስ ይበሉ፣ አሁን ይዙሩ፣ ይችን ልጅ ያሳልፏት ትለዋለች። በአንድ መታጠፊያ ላይ ውሻ ዘሎ ገባ። አለቃ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ረገጠ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። ሁለቱም ለአፍታ የእሱን እግር አዩ። በሙሉ መዳፉ ነበር የረገጠው። እንዲያ ረግጦም ቢሆን ውሻው የተረፈው ለጥቂት ነው። አለቃ መንገዱን ቀጠለ። ደሙ ደረሰ። ሴትዮዋም ተረፈች ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን ሲቀጥል ዋለ ብል ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን ሥራው ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ አልቋል። ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣው መቁረጡ እንጂ መቀጠሉ አልነበረም። አለቃ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። ሲታይ ያለቀ ነገር ነበር፤ እሱ ግን አለቃ ነውና ሳይረታ መርታት ፈለገ። ወንበሩ እንደ ድሮው ይንቀሳቀሳል፣ ሆኖም ሥራ አልሠራም ማለት ጥፋት ነው፣ በጓደኞችሽ ፊት ይቅርታ ጠይቂና ቁልፉን ውሰጂ፤ ካልጠየቅሽ ግን ለሌላ ሾፌር ማስታወቂያ አወጣለሁ አላት። ቀጭኔ በዓይኑ ጠቀሳት፤ በይና ገላገይው ማለቱ ነው። ጋሼም ወገባቸውን ይዘው፣ ቃል አይከብድም ልጄ አሉ።

ቃልማ አይከብድም። ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እናቷ ትዝ አለቻት፣ የቤት ኪራዩም ትዝ አላት። ዓይኗ ግን ወደ ጫማዋ ወረደ፤ የቀኙ ጫማ ከትራሱ ዘመን የቀረ ነው፤ ጫፉ ብቻ አልቆ፣ ተረከዙ አዲስ ነበር። ቀና ብላ አለቃን አየችው።

"ይቅርታ የምጠይቀው እግሬን ነው" አለች። "ይህን ሁሉ ዓመት በጣቱ አስቁሜ ፍሬን ስላስረገጥኩት። ሌላ ይቅርታ የለኝም።"

አለቃ ጫማዋን አየ፤ የገዛ እግሩንም አየ። ከዚያ ቁልፉን ዘረጋላት። ሳጥኑ ተጭኖ ስለነበር ወንበሩን ወደ ፊት አምጥታ ወዲያው ነድታ ወጣች።