ክዳኑ የማያርፍ ድስት

የኤሌክትሪክ ድስቱን ከባሕር ዳር የገዛሁት ለእናቴ ሳንባ ስል ነው። ቡሬ አካባቢ ገጠር ዕድሜዋን ሙሉ ከእንጨት ጭስ ጋር ኖራ፣ ሳሉ እንቅልፍ ሲነሳት ወደ ፍኖተ ሰላም አመጣኋት። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ ነገሩን አላለሳለሰም። "እማማ፣ ከእንግዲህ እሳት አጠገብ አይቀመጡ። መድኃኒቱ የሚሠራው ጭሱ ከቀረ ብቻ ነው" አላት። አንገቷን ደፍታ "እሺ" አለች። በእኛ አገር አንገት ደፍቶ የተባለ እሺ ምን ያህል እንደሚጸና ማወቅ ነበረብኝ፤ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ስንቱን ባለሥልጣን እሺ ሲል ሰምቻለሁ።

የምንኖረው በኪራይ ነው። ማድ ቤቱ ግቢው ጥግ ያለ የጭቃ ክፍል ሲሆን የሚነድበትም ባሕር ዛፍ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳንጠቀም አከራያችን ከልክለዋል፤ ግቢው በሙሉ በአንድ ቆጣሪ ስለሚጠቀም ምድጃ በተሰካ ቁጥር መብራቱ ድርግም ይላል። የቀረኝ ፈረንጆች ስሎው ኩከር የሚሉት ድስት ነበር። ብዙ ኃይል አይወስድም። ጠዋት ሥጋውን ወይም ምስሩን ከሽንኩርቱ ጋር ጨምረህ፣ ክዳኑን ገጥመህ ትሄዳለህ፤ ወደ ማታ ስትመለስ በስሎ ይጠብቅሃል። መመሪያው ላይ በደማቁ የተጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ክዳኑን አትክፈት። በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፣ መብሰያውም ይራዘማል።

ችግሩ የጀመረው ከሽታው ነው። ሶኬት ያለው ሳሎን ውስጥ ብቻ ስለሆነ ድስቱ ከሶፋው አጠገብ ተቀመጠ። በእሳት ሲሠራ ሽንኩርቱ ማድ ቤት ተቁላልቶ፣ በርበሬው ተጨምሮ፣ ሽታው እዚያው ይቀራል። ይህኛው ግን ቀኑን ሙሉ የሽንኩርት እንፋሎት ይተፋል። መጋረጃው ሸተተ፣ ትራሱ ሸተተ፣ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ የነበረው የእናቴ የክት ነጠላ ሳይቀር ሸተተ። ቢሮ ስገባ አንዱ ባልደረባዬ "ምሳ ይዘህ መጣህ እንዴ?" አለኝ። "ጃኬቴ ነው" አልኩት።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የክዳኑን ነገር ነው።

ከእኛ ፊት ለፊት ባለው ክፍል አንዲት ነፍሰ ጡር ተከራይታለች። ባሏ ገጠር የሚያስተምር መምህር ስለሆነ የሚመጣው ለሰንበት ብቻ ነው፤ ሌላውን ቀን ብቻዋን ትውላለች። በእኛ ዘንድ ደግሞ ነፍሰ ጡር ያሸተተችውን ምግብ ሳትቀምስ መቅረት የለባትም፤ ከቀረች ነገሩ በሆዷ ላለው ልጅ ይተርፋል ይባላል። በእንጨት ሲሠራ ይህ ቀላል ነው። ወጡ ሲደርስ በትንሽ ሳህን ይላክላታል፣ በቃ። የእኔ ድስት ግን ከረፋድ ጀምሮ ይሸታል። ስለዚህ እናቴ ከረፋድ ጀምሮ ክዳኑን ትከፍታለች፣ እንጀራ ታጠቅሳለች፣ ግቢውን አቋርጣ ታቀምሳታለች። ንፋሱ ሽታውን ወደዚያ በወሰደው ቁጥር እንደገና። ከሥራ ስመለስ ሥጋው ጥርስ አያስገባም።

"እማዬ፣ አንድ ጊዜ ካቀመስሻት አይበቃም?"

"አንድ ጊዜ ብቻ መቼ ሸተተና?"

"ጥሬ እኮ ነው የምታበያት!"

"መቅመስ ነው እንጂ መጥገብ ማን አለ? ባንተ ድስት ጦስ ልጇ ላይ ምልክት ይውጣ?"

ሁለቱንም ወገን ሳልጠይቅ ነገር መደምደም አልወድም። በማግስቱ ነፍሰ ጡሯን ቧንቧ አጠገብ ጀሪካን ስትሞላ አገኘኋትና ተቀብያት ጠየቅኋት። ወደ እኛ በር ገልመጥ ብላ ድምጿን ቀነሰች።

"ጋሼ፣ ለእማማ እንዳይነግሩብኝ። የሽንኩርቱ ሽታ ያጥወለውለኛል። መስኮት ዘግቼ ነው የምውለው።"

"ታዲያ ለምን ትቀበያለሽ?"

"እንዴ! በእጃቸው ይዘው ደጃፌ ሲቆሙ? እናቴን የሚያህሉ ሰው እንዴት አልፈልግም ይባላሉ? እቀበልና ዞር ሲሉ..." አለችና አጥሩ ሥር የተኛችውን የአከራያችንን ውሻ አየች። ውሻዋ በእርግጥ ሰሞኑን ፊቷ በርቶ ነበር።

ለእናቴ ስነግራት ምንጬን ላለመግለጽ ሞከርኩ። ግቢው ውስጥ ያለችው አንዲት ነፍሰ ጡር ብቻ ባትሆን ኖሮ ይሳካልኝ ነበር። "አንዳንድ ነፍሰ ጡር የሽንኩርት ሽታ ያጥወለውላታል ይባላል" አልኳት።

"ያጥወለወላትማ በደንብ ስላልቀመሰች ነው" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉርሻው ተለቀ።

ሰንበትበት ብላ መፍትሔውን ራሷ አገኘችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡሬ ሥራ ውዬ ስመለስ ከማድ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ጭስ ይወጣል። ሳሎን ገባሁ፤ ድስቱ ቀዝቅዞ፣ ገመዱ ተጠምጥሞ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ተጥሎበታል። እናቴ ማድ ቤት ጎንበስ ብላ እሳቱን እፍ ትላለች፤ ሳሉ ሲይዛት ግድግዳውን ትደገፋለች።

"ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?"

"ለልጅቱ ስል ነው" አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች። "ያ ድስትህ ቀኑን ሙሉ ሲያስጎመጃት ይውላል። ይኼ ቶሎ ይደርሳል፣ አንዴ ትቀምሳለች፣ አለቀ።"

ሳንባዋን የምታነደው ወጡን ለማትፈልግ ሰው ስትል ነው። ሥራዬ አስለምዶኝ አልጮህም፤ ያን ዕለት ግን ጮህኩ። ድምፄን ሰምታ ነፍሰ ጡሯ በሯ ላይ ብቅ አለች። አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም እዚያው ያልቅ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

"እማማ፣ ደህና ዋሉ? ዛሬ ደግሞ ምን የመሰለ ሸተተኝ!"

እናቴ እንደ ረታ ባለጉዳይ አየችኝ።

ወጡን ከእሳት አውርጄ ሳሎን ባለው ድስት ልጨርሰው አሰብኩ፤ መብራት የለም። ስለዚህ እናቴን ክንዷን ይዤ አወጣኋትና ጭሱ በማይደርስበት በኩል ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ጃኬቴን አውልቄ ማድ ቤት ገባሁ።

"አንተ! ውጣ! ወንድ ልጅ ጉልቻ ሥር ምን ይሠራል? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የሚለውን በኋላ ዞሬ እጠይቀዋለሁ።"

ጭሱ ዓይኔን ዘጋው። ማማሰያውን በአንድ እጄ፣ አፍንጫዬን በሌላው ይዤ ቆምኩ። ከውጭ ትእዛዙ አልተቋረጠም።

"አማስል እንጂ! አረረ! ሸተተኝ!"

"አላረረም እማዬ!"

"ሸተተኝ እኮ ነው የምልህ!"

ያረረው የአከራያችን ሽሮ ነበር። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ከወንበሯ ተነስታ እስከ በሩ መጣች፤ ሁለቴም መለስኳት። በሦስተኛው ጭሱ ውስጥ ገብታ ማማሰያውን ከእጄ ቀማችኝ፤ ስታስል እኔም አብሬ ሳልኩ።

ወጡ ሲወጣ መጀመሪያ የተነሳው የነፍሰ ጡሯ ሳህን ነው። በሁለት እጇ ተቀብላ "እጅዎ ይባረክ" አለች።

ነገ በማለዳ ለሥራ ደምበጫ እሄዳለሁ፤ ሳይመሽ አልመለስም። እናቴ ይህን ታውቃለች። ደረቅ ደረቁን እንጨት ለይታ ማድ ቤቱ በር ሥር ከምራዋለች።