የዓይኑ ቁልፍ ዳንግላ የቀረ ማይክሮስኮፕ

ሐሙስ ጠዋት ከአዘና ከተማ ስነሳ ዓላማዬ አንድ ነበር፤ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ማይክሮስኮፕ ተውሼ መመለስ። የማስተምርበት የገጠር ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የለውም። በዚያው ሳምንት ስለ ሴል ሳስረዳ እናትነሽ የምትባል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ሴል በእውነት አለ ወይስ ለፈተና ነው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እስከ ኮሌጅ ድረስ በሥዕል ብቻ ነበር የማውቀው። «ነገ ታዪዋለሽ» ብዬ ቃል የገባሁላት ረቡዕ ዕለት ነው።

እንጅባራ

ሚኒባሱ ጣሪያው ላይ የድንች ጆንያ ጭኖ ተነሳ። ዝናብ ስለጣለ ጭቃ ያዘንና ወርደን ገፋን። እንጅባራ እንደደረስሁ በባጃጅ ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ርዕሰ መምህሩ ፈቅደው ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊው፣ ወደ ጋሽ ሙላት ላኩኝ።

ጋሽ ሙላት ሳጥኑን ከፈቱልኝ። ማይክሮስኮፑ ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ ሌንስ ግን የለውም።

«ሌንሱስ?»

«አካሉ በእኔ እጅ ነው። ዓይኑ በባዮሎጂ መምህሩ ቁም ሳጥን ተቆልፎበታል። አንድ ሰው ብቻውን እንዳያወጣው ብለን ነው።»

«መምህሩ የት አሉ?»

«ዳንግላ ተዛወረ። ቁልፉንም ይዞት ሄደ።»

«መቼ?»

«አምና።»

ይህን የአንድ ሰው ጥፋት አድርጌ አልጽፈውም። ዕቃ ሲጎድል ጠያቂ አለ፤ ሙከራ ሳይሠራ ሲቀር ግን ማንም አይጠየቅም። ስለዚህ ዕቃው እንዳይነካ ይጠበቃል።

ዳንግላ

ከሰዓት በኋላ ወደ ዳንግላ ተጓዝሁ። በአዲስ ቅዳም በኩል የመንገዱ ዳርና ዳር ለከሰል የተተከለ፣ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ ነው፤ የከሰል ጆንያዎችም መኪና ይጠብቃሉ። መምህሩን ከሥራ ሲወጣ አገኘሁት። የቁልፍ ማንጠልጠያውን አውጥቶ አንዷን ቁልፍ ትኩር ብሎ አያት።

«ይቺ ናት እንዴ! ስንት በር ሞክሬባታለሁ!»

አመሻሽ ላይ ቁልፉን ይዤ እንጅባራ ገባሁና እዚያው አደርሁ፤ ለእናትነሽ «ነገ» ያልኳት ቀን አለፈ።

ዓርብ፣ ወደ ትምህርት ቤቴ

ጋሽ ሙላት ሌንሶቹን ገጥመው ሳጥኑን ታቀፉ። «ያለ እኔ አይወጣም» አሉና አብረውኝ ተሳፈሩ።

ረዳቱ፣ «አባባ፣ ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ይጫን?» አላቸው።

«አንተ ራስህ ተጫን!»

ከአዘና በእግር ሄደን ስንደርስ ሰማዩ ደመና ነበር። ማይክሮስኮፑ መብራት የለውም፤ ከሥሩ ያለች መስታወት የሰማይን ብርሃን ትመልሳለች። በቀጥታ ወደ ፀሐይ ከዞረች ዓይን ትጎዳለች፤ ከጨለመ ደግሞ ምንም አይታይም። የሽንኩርት ስስ ልጣጭ ጠፍጣፋ የመስታወት ቁራጭ ላይ አንጥፌ ከጤና ጣቢያ ያመጣሁትን አዮዲን ለማቅለሚያ ጠብ አደረግሁበትና መጠበቅ ጀመርን። የመውጫ ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ደመናው ሳሳ።

እናትነሽ ጎንበስ ብላ ቆየች።

«እንደ ግንብ ተደርድሯል» አለች። ቀጥላም «የድንችስ እንዲህ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ይህ መጽሐፉ ላይ የለም።

«አላየሁም» አልኳት። «አብረን እናየዋለን።»

ሁሉም በየተራ ካዩ በኋላ ጋሽ ሙላት፣ «እስኪ እኔም» ብለው ጎንበስ አሉ። ለዓመታት የጠበቁትን ዕቃ ሲያዩበት የመጀመሪያቸው ነበር። ቀና አልል ሲሉ ከኋላ አንዱ፣ «አባባ፣ ሰልፉን ያዙት እኮ!» አለ። የድንቹ ተራ ሳይደርስ ሰማዩ ተመልሶ ጠቆረ።

ጋሽ ሙላት ሲያሽጉ እጃቸው እንደ ልማዱ ሌንሱን ሊፈታ ሄደ። ነክተውት ተውት፤ ሳጥኑን ከነሌንሱ ዘጉት።

አዘና ድረስ ሸኘኋቸው። ሳጥኑን እንደታቀፉ ሚኒባስ ውስጥ ሆነው፣ «ለድንቹ ሰማዩ የጠራ ቀን ደውልልኝ» አሉኝ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ የጎደለን የመሰለኝ ዕቃ ቅርባችን ተቆልፎበት ሊኖር እንደሚችል ነው። ቤቴ ስደርስ መሽቷል። ከመግባቴ በፊት ግን በር ላይ ቆሜ ሰማዩን አየሁ።