ጫማዬ ላይ የወረደው ቁጣ

ነጠላ ጫማዬን ግራና ቀኙን ያቀያየረብኝ ሰው አገር ሊያፈርስ የተነሣ ነው ብዬ ዛሬ ቤቱን በጩኸት አናጋሁት።

የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ የተጣሉት ከጫማው ጋር ነው ወይስ ከጋሼ መልኬ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ታላቅ ወንድሜ መልኬ ትናንት ቁሐር በሚባለው ቀበሌያችን የማሳውን ውኃ ወደ እኔ ማሳ ለቆ ሩዜን አስዋጠብኝ። ታላቄ ነውና ትንፍሽ አላልኩም።

የሥነ ልቦና መጻሕፍት ይህን «ቁጣን ማዛወር» ይሉታል፤ የተናደድንበትን ሰው ስለማንደፍር፣ መልስ በማይሰጠን ላይ እንወርዳለን። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው በሦስት ቃል ጨርሰውታል፤ እኔ ለዚህ ስንት ገጽ አነበብኩ!

ደክሞኛል። ወንድሜን ምን እንደምለው አላውቅም። እናንተስ ዛሬ በማን ፋንታ ማንን ተቆጣችሁ?

ቆዩማ፣ በር ተንኳኳ። መልኬ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ከራሱ ማሳ የነቀለውን እቅፍ ሙሉ የሩዝ ችግኝ ይዞ ቆሟል።