ማዶ ከየት ሲታይ

ጡረተኛው ፖስተኛ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ አንድም ቀን በር አልተሳሳቱም። በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉት ሰፈሮች ግን በሰው አፍ አንድ ስም ነበራቸው፤ ማዶ። እዚህ ያለው እዚያን «ማዶ» ይላል፤ እዚያ ያለውም እዚህን። ስለዚህ ፖስታው ላይ «ማዶ» የሚል ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያነቡት የላኪውን አድራሻ ነበር።

ሚስታቸው ከዚያኛው ዳር ተሻግረው የመጡ ነበሩ። ሲጨቃጨቁ ፖስተኛው፣ «የማዶ ሰው መቼ ይሰማል!» ይላሉ።

«ማዶስ አንተ!» ይመልሱላቸዋል ሚስታቸው። «እኔ አገሬ ላይ ቁጭ ባልኩበት መጥተህ የወሰድከኝ!»

ሚስታቸው በሞቱ በሦስተኛው ሳምንት ፖስተኛው የሞት ምስክር ወረቀት ሊያወጡ ድልድዩን ተሻገሩ። መዝገብ ቤቱ አምና ወደዚያኛው ዳር ተዛውሯል። የተሰጣቸውን ወረቀት ቆመው አነበቡት፤ የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ የራሳቸው ሰፈር ተጽፏል።

«ልጄ፣ ይሄ ልክ አይደለም። የተወለደችው በዚህ በኩል ነው፤ ከዚህ ሕንጻ ጀርባ።»

«አባባ፣ የድሮው መዝገብ ‹ማዶ› ነው የሚለው።» ሠራተኛዋ በመስኮቱ ወደ ወንዙ ወዲያ ጠቆመች። «ማዶ ያውልዎት።»

«መዝገቡ ሲጻፍ ቢሮው የት ነበር?»

ሠራተኛዋ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች።

«እኛ ጋ ነበር። ጸሐፊው ማዶ ያለው ይሄንን ነው። እንዳንቺ ከሆነ እኮ እሷ ተሻግራ አልመጣችም፤ ለኔ ብላ ቤቷን አልተወችም ማለት ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰሙም?» አለች፤ ግን የመዝገቡን ሽፋን ገልጣ የቢሮውን የድሮ አድራሻ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባለፈው ዓመት የሰጠሁት ሁሉ ተገልብጧል ማለት ነዋ!» አለች።

«እሱን ቀስ ብለሽ ታቃኚዋለሽ። አሁን የሷን።»

«ከወንዙ ወዲህ» ብላ ጀመረች።

«ወዲህም የማዶ ወንድም ነው። ነገ ቢሮው ተመልሶ ቢሻገርስ?»

ሳቋ አመለጣት። ሰርዛ «ከወንዙ በስተምሥራቅ» ብላ ጻፈች፤ ማኅተሙንም መታች። ፖስተኛው ሁለት ጊዜ አንብበው፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ድልድዩን ሲወርዱ ጎረቤታቸው፣ «ከወዴት ነው ጋሼ?» አላቸው።

«ከማዶ» አሉ። «ከሷ አገር።»