እንየው ተቀምጦ ሲያስከፍል

የደሴ ሰኞ ገበያ ሰው እንየውን የሚያውቀው በመቀመጫው ነው። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ትእዛዝ አስፈጻሚ ነበር። ሌሎቹ ጠመንጃ አንጠልጥለው ሲንጎራደዱ፣ እሱ አልከፍልም ያለው ሰው አጠገብ ሄዶ ቁጭ ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ሰውየው ሲሠራ አጠገቡ፣ ሲበላ አጠገቡ፣ ፀጉሩን ሲስተካከል አጠገቡ። አይሳደብም፣ አይለምንም፤ በየመሃሉ ግን ያዛጋል። አንድ ልኳንዳ ነጋዴ "ከዚህ ሰውዬ ጋር ከምውል እስር ቤት ብውል ይሻለኛል" እያለ ሲራገምና ሲከፍል በዓይኔ አይቻለሁ።

በ1976 ዓ.ም.፣ ደርግ ገና ራሱን "ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት" ሲል፣ ጎረቤታችን ሸሪፋ ከባሏ ከጀማሉዲን ጋር ፍቺ ላይ ነበረች። ሰውየው ልጆቹን ትቶ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ እዚያ ልብስ ስፌት ከፍቶ ጢሙን እያሳመረ ይኖራል። ፍርድ ቤት ክርክሩ እስኪያልቅ የቀበሌ ቤቱን ኪራይ፣ መብራቱንና ውሃውን እሱ እንዲከፍል ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጥቶ፣ ማስፈጸሙን ለቀበሌው ሸንጎ መርቶት ነበር። ቤሳ ቤስቲን አልከፈለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ ቤቱን ለአክስቱ ልጅ ሳያስበው አልቀረም፤ "እስከ ቅዳሜ ኪራዩ ካልገባ ሸሪፋ ቤቱን ትልቀቅ" አለ። ለሰፊው ሕዝብ ማሰብ ማለት እንዲህ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን እንየው ያወጋኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እንየው ኮምቦልቻ ወረደና የጀማሉዲን ስፌት መኪና አጠገብ ቁጭ አለ። ጀማሉዲን እስከ ቀትር ቻለው። ከሰዓት በኋላ "እዚህስ አይከተለኝም" ብሎ ሼህ ሙሄዲን ቤት ለዱአ ገባ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያን ዱአ ቤት ቢገባ ማን ይከለክለዋል? እንየው ጫማውን አውልቆ፣ "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። እንዲያውም ጫት አቀበሉት።

ሼሁ ይለምናሉ፤ ቤቱ በሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን ዘርግቶ "አሚን" ይላል። ዝናቡን አምጣልን፤ አሚን። የታመመውን ማርልን፤ አሚን። በዚህ መሃል ጀማሉዲን ወደ እንየው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "ትእዛዙ ራሱ ጊዜያዊ ነኝ ይላል። ለሚያልፍ ነገር ምን ብዬ እከፍላለሁ?" አለው። ቀኑን ሙሉ ለጀማሉዲን አንድ ቃል ያልተነፈሰው እንየው ትዕግሥቱ አለቀ። ልክ ሼሁ ትንፋሽ ሲወስዱ ጮኸ፦

"መንግሥታችንም ጊዜያዊ ነው! እስኪያልፍ ድረስ ትከፍላለህ!"

"አሚን!" አለ ቤቱ በሙሉ።

ዓይኖች አንድ በአንድ ተገለጡ። መንግሥት እንዲያልፍ ዱአ ተደረገ፤ ያውም በቀበሌ ሰው መሪነት! በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ስንቱ ሰው እንደወጣ ቀርቷል። ከሁሉ በፊት የሚታሰረው ደግሞ እንየው ነው።

"ልጄ፣ ምን አስባልከን?" አሉ ሼህ ሙሄዲን።

"እኔም ምን እንዳልኩ አላወቅሁም፣ ሸህዬ።"

ሼሁ ወደ ጀማሉዲን ዞሩ። "ክፈለውና ይሂድልን።"

"ኧረ እኔ ምን..."

"ክፈል! ወላሂ፣ ባንተ ኪራይ የተነሳ ይህ ሁሉ ሰው አይታሰርም!"

ጀማሉዲን ኪሱን አራገፈ፤ የጎደለውን ሰዉ አበደረው። ለሚቀጥለውም ወር እነሱው ሊያስከፍሉት ቃል ገቡ። ከዚያ ሁሉም፣ እንየውም ጭምር፣ ላይናገር ማለ።

አርብ ጠዋት ኪራዩ ገባ። ሊቀ መንበሩ ፊቱን አጨፍግጎ ደረሰኝ ቆረጠ። ሸሪፋ ግን ደረሰኙን ስታይ አለቀሰች።

"ለካ ለልጆቹ አንጀቱ አልቻለም! ክሱን እተዋለሁ፣ ጋሽ እንየው። ሽማግሌ ፈልጉልኝ፤ ልታረቀው።"

እንየው ጨነቀው። ዝም ቢል ሴትዮዋ እዚያው ሰውዬ እጅ ልትገባ ነው፤ ቢናገር መሐላው አለ፣ ወህኒውም አለ። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። እሱ ግን በሩን ዘግቶ ቁጭ አለ።

"እታለም፣ እሱ አልራራም። ፈርቶ ነው" አላትና ሁሉንም ዘረገፈላት።

ሸሪፋ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

"አሚን ሲባል እሱም አለ?"

"ያውም ከሁሉ ጮክ ብሎ።"

"በዚህ ሁሉ የትዳር ዘመን ከእሱ ጋር በአንድ ነገር ስስማማ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። አሚን" አለች። ክሷን ግን አልተወችም።